ካምብሪያን ፓትሮል ላይ አንደኛ የሚወጣ ቡድን የለም

እህቴ ሰላም፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ታናሽ ወንድምሽ እንግሊዝ ጦር ውስጥ እንዳለና ጥቅምት ላይ ዌልስ ለሚደረገው ካምብሪያን ፓትሮል ለሚባለው የወታደሮች የረጅም ጉዞና የቅኝት ፈተና እንደተመረጠ ጽፈሻል፣ ታሪኩ ምንድነው፣ ደሞ የህንድ ቡድን አንደኛ ወጣ ሲባል እንዴት እንግሊዞቹን በሀገራቸው በለጣቸው ብለሻል። እኔ ዌልስ ነው የምኖረው፣ ተጠባባቂ ጦር ውስጥ እያለሁ አንዴ ገብቼበታለሁ፣ ስለዚ ትንሽ ረዘም አርጌ ልጻፍልሽ።

ከአንደኛው ነገር ልጀምር ምክንያቱም ብዙ ዜና የሚሳሳተው እዛ ላይ ነው። አንደኛ ሁለተኛ ሦስተኛ የሚባል የለም። ቡድኑ የሚለካው ከሌላ ቡድን ጋር ሳይሆን ከተቀመጠ መመዘኛ ጋር ነው፣ ከ100 ውስጥ 75ና ከዛ በላይ ያመጣ ወርቅ፣ ከ65 እስከ 74 ብር፣ ከ55 እስከ 64 ነሐስ፣ ከዛ በታች ሆኖ የጨረሰ ሰርተፊኬት ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2021 የህንድ ጦር ውስጥ ያሉት ጉርካ የሚባሉት ወታደሮች ወርቅ ወስደዋል፣ የፓኪስታን ወታደሮችም በተለያየ ዓመት ወስደዋል፣ ሀገር ቤት ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ ዓለምን ሁሉ እንዳሸነፉ ተደርጎ ይወራል። ይሄን የምለው ክብራቸውን ለመቀነስ አይደለም፣ ወርቅ የሚያገኘው ከገባው ውስጥ ጥቂቱ ነው፣ መመዘኛው ደሞ ከሩቅ መጣ ተብሎ ለማንም ዝቅ አይልም።

የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። የጀመሩት ትላልቅ ጄኔራሎች አይደሉም፣ የዌልስ ተጠባባቂ ወታደሮች ናቸው፣ ማለት በሳምንቱ ሥራ ላይ የሚውሉ ቅዳሜና እሁድ ወታደር የሚሆኑ ሰዎች። ያኔ በቃ የሳምንት መጨረሻ ልምምድ ነበር፣ የካምብሪያን ተራሮችን አቋርጠው ረጅም መንገድ ይሄዱና መጨረሻ ላይ ሴኒብሪጅ የሚባለው የጦር ልምምድ ቦታ ደርሰው ተኩስ ይወዳደራሉ። ቀስ በቀስ መደበኛው ጦርም ገባበት፣ ከዛ ከሌላ ሀገር መምጣት ጀመሩ፣ አሁን ብሬኮን የሚባለው የዌልስ ከተማ ያለው 160ኛው የዌልስ ብርጌድ ነው የሚያዘጋጀው፣ በአንዳንድ ዓመት ከ100 በላይ ቡድን ይገባል። ተኩሱ ዋና መሆኑ ቀርቶ ቅኝቱ፣ ማለት ጠላትን ተደብቆ አይቶ መመዝገቡ፣ ዋና የሆነው በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ ነው። እኔን ደስ የሚለኝ የመጀመሪያው ነገር አለመጥፋቱ ነው፣ ያው ተራራ ያው ጭቃ፣ ዛሬም ተጠባባቂው ከመደበኛው ጋር በአንድ ሚዛን ይመዘናል።

ስለ ቦታው ደሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ወንድምሽም ቢያውቀው ጥሩ ነው። ሴኒብሪጅ ልምምድ ቦታ ያለበት ኤፒንት የሚባለው ደጋ ድሮ ሰው የሚኖርበት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት መሬቱን ለጦሩ ፈለገውና እ.ኤ.አ. በ1940 የ54 እርሻ ቤተሰቦች፣ ከ200 በላይ ሰው፣ ከርስታቸው ተነሱ። ዌልሽ ተናጋሪ በግ አርቢዎች ነበሩ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ እንመለሳለን ብለው የጠበቁ ነበሩ ግን አልተመለሱም። ባቤል የምትባል ጸሎት ቤታቸው ፈርሳለች፣ መቃብሮቹ ግን አሁንም አሉ። እኛ የርስትን ነገር እናውቃለን፣ ስለዚ እዛ ሳር ላይ ስተኛ የሰው ደጅ ላይ እንደተኛሁ ነበር የሚሰማኝ።

አሁን ወደ ውድድሩ። ስምንት ሰው ነው፣ ወደ 60 ኪሎሜትር በ48 ሰዓት ውስጥ፣ እያንዳንዱ ወደ 30 ኪሎ ተሸክሞ። ገና ሳትነሺ ዕቃው ሁሉ መሬት ላይ ተዘርግቶ ከዝርዝሩ ጋር አንድ በአንድ ይታያል፣ የጎደለ ካለ ነጥብ ይቀነሳል፣ መንገድ ላይ የጠፋም እንደዛው። ከዛ መሪው ግዳጁን ይቀበልና የመሬቱን ሞዴል ሠርቶ ለቡድኑ ትዕዛዝ ይሰጣል፣ እሱም ራሱ ነጥብ አለው። በመሀል ቁስለኛ ማከም አለ፣ መድፍ በራዲዮ መጥራት አለ፣ ምርኮኛ አያያዝ አለ፣ ፈንጂ አለ፣ ወንዝ መሻገር አለ። ወንዙ ጋ ልብስ ይወለቅና ውኃ በማያስገባ ከረጢት ታስሮ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ቦርሳውን እያንሳፈፍሽ ትሻገሪያለሽ። የጥቅምት ሌሊት ዌልስ ውስጥ እንዴት እንደሆነ እዛ ውኃ ውስጥ ነው የገባኝ፣ ስወጣ ጣቶቼ የከስክሱን ማሰሪያ መያዝ አቅቷቸው ጓደኛዬ ነው ያሰረልኝ።

እኛ ነሐስ ነው ያገኘነው። በሁለተኛው ሌሊት አንዱ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ዞረበት፣ ዕቃውን ለሰባት ተካፍለን እሱም እያነከሰ ጨረሰ፣ በዛ ግን አይደለም ነጥብ ያጣነው። ያጣነው ቅኝቱ ላይ ነው። ንጋት ላይ እርጥብ ሳር ውስጥ ተኝተን አንድ የጠላት ሰፈር ስናይ ነበር፣ የምጽፈው እኔ ነኝ፣ እንቅልፍ እየጣለኝ ዘበኞች ሲቀያየሩ አይቻለሁ ግን ሰዓቱን አልጻፍኩም፣ መሣሪያ የጫነውን መኪና «አንድ መኪና» ብዬ አለፍኩት። ስንመለስ ጠያቂው ስንት ናቸው፣ ምን ታጥቀዋል፣ ዘበኛው በስንት ሰዓት ይቀየራል፣ በየት በኩል ይገባል አለን፣ እኛ ግማሹን በግምት ነው የመለስነው። ያን ሁሉ መንገድ የሄድነው ለዛች ወረቀት ነበር። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚ ወንድምሽን ሩጫ ብቻ እንዳይለማመድ ንገሪው። እየደከመው መጻፍ ይልመድ፣ ሌሊት ከረጅም ጉዞ በኋላ ቁጭ ብሎ ያየውን በሰዓትና በቁጥር ይመዝግብ። ብዕር ዝናብ ላይ ይከዳል፣ እርሳስ ይያዝ፣ ሁለት ሦስት፣ በክር አስሮ። ደረቅ ካልሲ ለየብቻ በፕላስቲክ ይጠቅልል፣ አንዱን ለመጨረሻው ሌሊት እንዳይነካው። የዕቃ ዝርዝሩን ከመሄዱ በፊት ቤት ወለል ላይ ዘርግቶ አንቺ አንብቢለት፣ እሱ እያነሳ ያሳይሽ። ሌላ የሚጠይቀው ነገር ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ማታ ማታ አለሁ።