ከ445 ይልቅ 356 ለምን መጣ?

ጥያቄ፦ በአንድ ሲሚንቶ ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። የማጓጓዣ ቀበቶ የሚያዞር ፕላኔታዊ ጊር ቦክስ አለን። ሞተሩ በደቂቃ 1485 ጊዜ ይዞራል። መካከል ላይ ያለችው የፀሐይ ጊር 18 ጥርስ አላት፤ ሦስቱ ፕላኔቶች እያንዳንዳቸው 27፣ ከቤቱ ጋር የታሰረው የውጪ ቀለበት ደግሞ 72። 18ን በሞተሩ ፍጥነት አባዝቼ የጥርሶቹ መግጠሚያ ድግግሞሽ፣ ማለትም ጥርሶቹ በሰከንድ የሚጋጠሙበት ብዛት፣ 445.5 ሄርዝ ነው አልሁ። የንዝረት መለኪያው ግን እዚያ ምንም አላሳየኝም። ትልቁ ጫፍ 356 ላይ ነው፤ ግራና ቀኙም ትንንሾች አሉ። አለቃዬ «ይፈታ» ብለዋል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ በዚህ ምክንያት አይፍቱት። መለኪያዎ እውነቱን ነግሮዎታል፤ የሳተው ቀመሩ ነው። እኔም በወጣትነቴ በዚሁ ስሌት ተመርቼ አንድ ደህና ጊር ቦክስ አስፈትቻለሁ። ምርት ሁለት ቀን ቆሞ ጥርሶቹ ሁሉ ያለ አንዳች ጭረት ሲያበሩ ማየቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የግድግዳ ሰዓት ይመልከቱ። በ12 ሰዓት ውስጥ ረጅሙ ዘንግ 12 ጊዜ ይዞራል፤ አጭሩን የሚደርስበት ግን 11 ጊዜ ብቻ ነው፤ አጭሩም ወደዚያው አቅጣጫ ይሄዳላ። የፀሐይዋ ጊርም እንዲሁ ናት። ፕላኔቶቹ ቆመው አይጠብቋትም፤ ሦስቱን አንድ ላይ ከያዘው ተሸካሚያቸው ጋር እርሷ በምትዞርበት አቅጣጫ ይዞራሉ። ያን ጊዜ የፈታሁት ጊር ቦክስ የጥርስ ቁጥሩ ከእርስዎ ጋር አንድ ነበር። ጠረጴዛ ላይ እንዳለ የፀሐይዋን አንድ ጥርስ በጠመኔ ቀብቼ በእጄ አዞርሁት። ፀሐይዋ አምስት ዙር ስትዞር ተሸካሚው አንድ ዙር ጨረሰ፤ የተቀባው ጥርስ አንዱን ፕላኔት ያገኘው ግን አራት ጊዜ ነው። አራት ጊዜ 18፣ 72፤ የቀለበቱ ጥርስ ቁጥር!

ስለዚህ የተሸካሚውን ፍጥነት ይያዙ። 1485 በደቂቃ ማለት በሰከንድ 24.75 ነው፤ ለአምስት ሲካፈል 4.95። በ72 ሲያባዙት 356.4 ሄርዝ ያገኛሉ። በፀሐይዋ በኩል ማረጋገጥ ከፈለጉ 24.75 ሲቀነስ 4.95፣ 19.8 ነው፤ በ18 ሲባዛ ያው 356.4።

ግራና ቀኝ ያሉት ትንንሾች 341.55 እና 371.25 ላይ ከሆኑ አይደንግጡ። ሴንሰሩ ቤቱ ላይ ተተክሏል፤ ሦስቱ ፕላኔቶች ግን በየተራ ይቀርቡታል፣ ይርቁታል። ሦስት ጊዜ 4.95፣ 14.85 ነው፤ ጤነኛ ጊር ቦክስም በዚህ ርቀት ጫፎች ያወጣል።

እኔን የሚያሳስበኝ በ4.95 ርቀት የተደረደሩ ጫፎች ሲመጡ ነው። ያኔ ከሦስቱ አንዱ ፕላኔት ከወንድሞቹ የተለየ ጭነት ይዞ ሊሆን ይችላልና ኩሽኔታውን ይጠርጥሩ። የፀሐይዋ አንድ ጥርስ ከተሰበረ በየዙሩ ሦስቱንም ፕላኔቶች ስለሚያገኝ ምልክቱ በ59.4 ይደጋገማል። የፕላኔት ጥርስ አንድ ፊቱ ብቻ ከተጎዳ በ13.2፣ ሁለቱም ፊቶቹ ከተጎዱ በ26.4 ነው፤ በአንዱ ፊቱ ፀሐይዋን፣ በሌላው ቀለበቱን ይገጥማልና። አስቸጋሪው የቀለበቱ ጉዳት ነው። እርሱም በ14.85 ይመጣል፣ ከጤነኛው ጋር ይደባለቃል። እርሱን የሚያጋልጠው በደህናው ጊዜ የተወሰደ ልኬት ብቻ ስለሆነ የዛሬውን ልኬት ከነጭነቱ መዝግበው ያስቀምጡ።

መለኪያዎን እስከ 800 ሄርዝ በ400 መስመር ከከፈቱት፣ ማለትም ያን ስፋት በ400 ከከፈሉት፣ ግን እነዚህን መለየት አይችሉም፤ አንዱ መስመር ከሌላው በ2 ሄርዝ ይርቃል። 3200 መስመር ያድርጉት፤ አራት ሰከንድ ይፈጃል። የሞተሩንም ፍጥነት ከሰሌዳው አይውሰዱ፣ ቀበቶው ተጭኖ ሳለ ይለኩት። ከዚያ በ356 ዙሪያ ያሉትን ጫፎች አንድ በአንድ ጽፈው ለአለቃዎ ያሳዩ።