ማስጠንቀቂያ ደርሶሽ ለመልቀቅ ላሰብሽው

አብሽሪ እህቴ። «ደሴ ሕግ እየተማርኩ ነው፤ ውጤቴ ከ2.00 በታች ሆኖ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ትቼ ወረኢሉ ልግባ?» ብለሻል። እባክሽ አትቸኩዪ። ማስጠንቀቂያ መባረር አይደለም። ለመመረቅ 2.00 ያስፈልጋል፤ ሕግ ደግሞ 5 ዓመት ስለሆነ ለማንሳት ጊዜ አለሽ። ብዙ ክሬዲት ላላቸው ኮርሶች ቅድሚያ ስጪ።

ዋናው ነገር ግን የፈተና ወረቀትሽን መምህሩን ጠይቀሽ ማየት ነው። ሕግ ላይ ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚወድቀው በአጻጻፍ ነው። ተታልሎ በሬ ስለገዛ ሰው ብትጠየቂ፣ «ውሉ ይፈርሳል» ብለሽ አትዝለዪ። መጀመሪያ ጭብጡን ያዢ፦ ፈቃዱ የተገኘው በማታለል ነው ወይ? ቀጥሎ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1678 (ለውል ጉድለት የሌለበት ፈቃድ ያስፈልጋል የሚለውን) እና 1696 (በማታለል የተሰጠ ፈቃድ ውሉን ሊያስፈርስ ይችላል የሚለውን) ጥቀሺ። ከዚያ ሻጩ ምን እንዳለ፣ ምን እንደደበቀ ከሕጉ ጋር አገናኚ። ነጥቡ ያለው እዚህ ጋ ነው! መደምደሚያው አንድ መስመር ይበቃዋል። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሕጉን በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን አንብቢ።

ለእናትሽም ንገሪያቸው፤ ብቻሽን አትሸከሚው። አማካሪሽን ደግሞ የምዝገባው ቀን ሳያልፍ አግኚ።