የሽፈራውን ቅጠል ልትመረምሩ ለተነሳችሁ

ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዷ ሰሞኑን ቤቴ ድረስ መጥታ ነበር። «ጋሼ፣ ሽፈራውን ሰው ሲበላው ኖሯል። የመርዛማነት ምርመራ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። በእሷ ዕድሜ እኔም እንዲሁ ነበር የማስበው።

ኮንሶ የሄደ ያውቀዋል። ሽፈራው እዚያ የጓሮ ጎመን ነው። ቅጠሉ ይቀቀልና ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ከተድቦለቦለ ኩርኩፋ ጋር ይበላል። እናንተ የምትመረምሩት ግን ጎመኑን አይደለም። ቅጠሉን ጥላ ላይ አድርቃችሁ፣ ፈጭታችሁ፣ በ70 በመቶ ኢታኖል ሦስት ቀን ዘፍዝፋችሁ፣ አጣርታችሁ፣ ፈሳሹ ተኖ ሲያልቅ ዕቃው ላይ የሚቀረውን የሚያጣብቅ ነገር፣ ኤክስትራክቱን ነው። የኮንሶ እናት ጎመን በአልኮል ቀቅላ አታውቅም። አልኮል ደግሞ ውሃ የማያወጣውን ያወጣል።

መጠኑም ሌላ ነው። በአጣዳፊ መርዛማነት ፈተና ለአይጥ በኪሎ እስከ 2000 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ ይሰጥና 14 ቀን ትጠበቃለች። ለትንሿ ነጭ አይጥ የሰጣችሁትን ወደ ሰው ለማምጣት በ12.3 አካፍሉ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 10 ግራም የሚጠጋ ኤክስትራክት ይመጣል። ይህን ያህል በአንድ ጊዜ የሚውጥ የለም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚወስድ ግን ሞልቷል። ስለዚህ አይጧ በ14 ቀን አልሞተችም ብላችሁ «ምንም ጉዳት የለውም» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ጉበትና ኩላሊት ምን እንደሆኑ የሚታየው በየቀኑ እየተሰጣት በሚካሄደው የ90 ቀን ጥናት ነው።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ተክል ኤክስትራክት ከሰጠኋቸው አይጦች ሁለቱ በማግስቱ ሞተው አደሩ። «መርዝ አገኘሁ» ብዬ መዝገቤ ላይ በቀይ ጻፍኩ። ደስታም ቢጤ ነበረኝ፣ አልዋሽም። አለቃዬ ዝም ብሎ ወደ ሌላኛው ሳጥን ጠቆመኝ። ውሃ ብቻ ከሰጠኋቸውም አንዷ ሞታለች። ከፍተን ስናያቸው የሦስቱም ሳንባ ፈሳሽ ቋጥሯል። ጫፏ ድቡልቡል የሆነችውን የማጠጫ መርፌ ወደ ጨጓራ መስሎኝ የሰደድኳት ወደ አየር ቧንቧ ነበር። የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ያቺ ለማነጻጸሪያ ውሃ ብቻ የጠጣች አይጥ፣ ኮንትሮል የምንላት፣ ባትኖር ኖሮ፣ ምስኪኑ ተክል እስከ ዛሬ በስሜ መርዝ ተብሎ ይጠራ ነበር።

ቅጠሉን ከገበያ ገዝታችሁ አትጀምሩ። የደቡቡ ሽፈራውና ከህንድ የመጣው ሞሪንጋ ዘመዳሞች እንጂ አንድ አይደሉም፤ ዱቄት ከሆኑ በኋላ ደግሞ ማን ይለያቸዋል? ከዛፉ ራሳችሁ ቁረጡ፤ አንዱን ቅርንጫፍ አድርቃችሁ አዲስ አበባ ላለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ለደረቁ ተክሎች ማኖሪያው፣ አስረክቡ፤ የናሙናውን ቁጥር ያዙ።

ሽፈራው የደም ስኳር ይቀንሳል የሚለውን ስትፈትኑም ግሊቤንክላማይድ፣ የታወቀው የስኳር መድኃኒት፣ የሚሰጠው የአይጥ ቡድን አይቅር። ስኳሩ ወረደ ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ከታወቀው መድኃኒት ጋር ሲተያይ ነው።

ባለፈው ጎረቤቴ፣ የስኳር ታማሚ ነው፣ ግሊቤንክላማይዱን ውጦ በላዩ የሽፈራው ሻይ ጠጣበት። ስደርስ ላብ አጥምቆታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ስኳር በዛ ያለበት ሻይ አጠጣነውና ተመለሰ። ሚስቱ «ሽፈራው ነው አይደል?» ብላ ያዘችኝ። ቁርስም አልበላም ነበር። ምን ልበላት? ጎረቤቴ ኮንትሮል የለው።