ባለ 3 ቀዳዳ ጫማ ላይ የኤስፒዲ ክሊት በቀጥታ አይታሰርም

የኤስፒዲ ክሊት ጫማዬ ላይ ይታሰራል ወይ ብለህ ለጠየቅከኝ፦ አትልፋ፣ እንዲሁ አይገባም። ክሊት ማለት ሶሉ ላይ ታስሮ ጫማውን ከፔዳሉ ጋር የሚያቆላልፈው ቁራጭ ነው፤ ኤስፒዲ የሚባለው የሺማኖ ዓይነት የሚታሰረው በ2 ብሎን ነው። አንተ ከሰልባጅ ያገኘኸው ጫማ ደግሞ ሶሉ ላይ ያለው 3 ቀዳዳ ብቻ ነው፤ የኮርስ ሳይክል ጫማ ነው ማለት ነው። ላስበሳው እንዳትል፣ ሶሉን ታበላሸዋለህ።

ሐዋሳ ውስጥ ለሥራ የምትነዳ ከሆነ ጫማውን ቀይር። የባለ 2 ብሎኑ ክሊት ሶሉ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚቀመጥ ወርደህ እንደ ሰው ትራመዳለህ። የባለ 3ቱ ወጣ ስለሚል ኮብልስቶን ላይ እንደ ዳክዬ ነው የሚያስኬድህ።

ጫማውን ከወደድከው ለባለ 3 ቀዳዳ ጫማ የሚሆነውን የሺማኖ ኤስፒዲ ኤስኤል ፔዳል ፈልግ። ክሊቱ ቢጫው ይሁን፤ እግርህን 6 ዲግሪ ያህል ስለሚያላውስ ጉልበትህ አይጨነቅም። የሌላው ኩባንያ የሉክ፣ ኬኦ የሚባለው ክሊትም ባለ 3 ብሎን ነው፣ ግን ይሄ ፔዳል አይነክሰውም።

አንድ ነገር ግን፦ ከመውጣትህ በፊት ክሊቱን ነክሶ የሚይዘውን የፔዳሉን ስፕሪንግ አላላው። እኔ እንደጠበቀ ወጥቼ፣ ገብርኤል አደባባይ ጋ ባጃጅ ፊቴ ድንገት ቆመ። እግሬ አልላቀቅ አለኝና ቆሜ ባለሁበት በጎኔ ተዘረርኩ። ሾፌሩ «አይዞህ» እያለ ይስቃል። መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፈህ ተረከዝህን ወደ ውጭ እያዞርክ ማላቀቅ ተለማመድ።