ካሸርነቱን ተቀበዪ፣ ነጩን ጋውን ግን ገና አትልበሺ

ውድ የሐይቅ ከተማዋ እህቴ፣

12ኛ ክፍል ጨርሰሽ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ አልመጣልሽም። ደሴ ፒያሳ ፋርማሲ ያላቸው የአጎትሽ ወዳጅ ደግሞ «ነይና ገንዘብ ተቀበዪ፤ ቀስ እያልሽ መድኃኒት መስጠቱንም ትለምጃለሽ» ብለውሻል። ይህ ሥራ የሙያ በር ይሆነኛል ወይስ ዕድሜዬን ይበላዋል ብለሽ ጠየቅሽኝ። አብሽሪ፣ በር ይሆንሻል። ካሉሽ ውስጥ ግን የመጀመሪያውን ተቀበዪ፣ ሁለተኛውን እምቢ በዪ።

መድኃኒት ማደል የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው ሥራ ነው። ክልከላው ለወግ የተቀመጠ እንዳይመስልሽ። ክሎርፕሮማዚን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው፤ ክሎርፕሮፓሚድ የስኳር። በጥድፊያ በተጻፈ ማዘዣ ላይ ሁለቱ ስሞች ለሠለጠነ ዐይን እንኳ ያደናግራሉ። ስኳር የሌለበት ሰው የስኳሩን ቢውጥ በደሙ ያለው ስኳር ወርዶ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። እኔም በወጣትነቴ አንድ መድኃኒት መደብር ስሠራ «ለዛሬ ብቻ» ተብዬ ጋውን ለብሻለሁ። አንዲት እናት የታመመ ልጃቸውን አዝለው መጥተው «ዶክተር» ብለው ሲጠሩኝ የገባኝ ድንጋጤ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

አሁን ወደሚጠቅምሽ ልምጣ። ሰው ፋርማሲ ሲል የሚታየው መስኮቱ ላይ የቆመው ባለሙያ ነው፤ ያ መስኮት የሚሠራው ግን ከኋላ ስቶሩ ሲሠራ ነው። ዕቃ ሲገባ ካርቶኑን ከደረሰኙ ጋር ማመሳከር፣ ባች ቁጥሩን (የምርት ዙሩን መለያ) እና የማብቂያ ቀኑን መመዝገብ፣ ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈውን ከፊት መደርደር፣ ገቢና ወጪውን ቢን ካርድ በሚባለው የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ ላይ ማስፈር አለ። ይህን በባለሙያው ቁጥጥር ሥር መሥራት ትችያለሽ። ካርቶን መሬት ላይ አይቀመጥም፣ ከግድግዳም አይጣበቅም፤ እርጥበት ያበላሸዋል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሙቀት እንደሚያበላሸው ሁሉ አንዴ በረዶ ከሆነ በኋላም ቢሟሟ አይሆንም፣ ይወገዳል። መብራት በጠፋ ቁጥር ፍሪጁን የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው አንቺ ሁኚ። ደሴ ብርዱ ለመደርደሪያው ያግዛል፤ ከሚሴ ወይም ቆቦ ብትቀጠሪ ግን ቴርሞሜትሩን ማየት የዕለት ሥራሽ ይሆናል። የስኳር ሕመምተኛዋ እናት ወስዳ የምትወጋው ኢንሱሊን የሚሠራው አንድ ሰው ይህን በትጋት ስለጠበቀላት ነው።

ቁጥር የምትወጂ ከሆነ ሌላም መንገድ አለ። ክልላችን ውስጥ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተጀመረው ኤፒቲኤስ የሚባለው አሠራር እያንዳንዱ መድኃኒት በሒሳብ እንዲወራረድ ስለሚያደርግ፣ የሚሠራባቸው የመንግሥት ሆስፒታሎች ለፋርማሲው የራሱ ካሸርና አካውንታንት ይመድባሉ። ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) እና ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ምን እንደሆኑ የምታውቅ አመልካች ለእንዲህ ያለ ቦታ ስትወዳደር እንግዳ አትሆንም። መንግሥታዊው የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትም ደሴ ቅርንጫፍ አለው፤ የመጋዘን ሥራ ማስታወቂያ ሲወጣ ተከታተዪ።

ማደሉን ከፈለግሽ ደግሞ በፋርማሲ ደረጃ 4 ተማሪ፣ የብቃት ምዘናውን እለፊ፣ ፈቃድሽን አውጪ። ዲግሪውን ከዚያ በኋላም ትደርሺበታለሽ። የግል ኮሌጅ ከሆነ ከመክፈልሽ በፊት በፋርማሲ ዘርፍ ዕውቅና እንዳለው ከሚመለከተው ቢሮ አጣሪ። የነርሲንግ ዕውቅና ለፋርማሲ አያገለግልም። በዚህ የተጎዱ ልጆች አልቅሰው ቢሮዬ መጥተዋል።

ሥራውን ከመጀመርሽ በፊት ሦስት ነገር በውል ይጻፍልሽ፦ ደመወዝሽ፣ የሥራ ሰዓትሽ፣ የሒሳብ ጉድለት ሲመጣ እንዴት እንደሚጣራ። የመጨረሻውን ችላ አትበዪ፤ ሌላ ሰውም ሳጥኑን የሚከፍት ከሆነ ጉድለቱ ባንቺ ብቻ መታሰብ የለበትም፣ ተረክበሽ አስረክቢ። ከሐይቅ መመላለሱም ደመወዝሽን ይበላዋልና ደሴ ዘመድ ጋ ማረፍ እንደምትችዪ ቤተሰብ ጠይቂ።

ለባለቤቱም በአክብሮት እንዲህ በያቸው፦ «ጋሼ፣ ገንዘቡንም ስቶሩንም በደስታ እሠራለሁ። ማደሉን ግን ተምሬ፣ ፈቃዴን ይዤ እመጣለሁ። የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ካገኘሁ ሰዓት ያመቻቹልኝ።» እሺ ካሉሽ ሰኞውኑ ጀምሪ። «ጋውን ካለበስሽ አይሆንም» ካሉሽ አመስግነሽ ውጪና ወደኔ ነዪ፤ ሌላ ቦታ አብረን እንፈልጋለን።