ቱርቦው ሽቦ ሲያቀልጥ

ሰላም ወንድሜ። «ዳገት ወጥቼ ኮፈኑን ስከፍት ፊት የሚለበልብ ሙቀት ይወጣል፤ በቱርቦው በኩል የሚያልፈው ሽቦ ሽፋኑ ቀልጧል፤ የጭስ ማውጫውን በሙሉ በሙቀት መከላከያ ጨርቅ ልጠቅልለው ወይ?» ብለሃል። ቆይ፣ አትቸኩል።

የቤንዚን ቱርቦ ሞተር ዳገት ላይ ስትረግጠው የጭሱ ሙቀት ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በዚሁ ጭስ እየተሽከረከረ ለሞተሩ አየር የሚገፋው ቱርቦ መጋሉ ያለ ነው።

መጀመሪያ ፋብሪካው የገጠመውን የሙቀት መከላከያ ላሜራ ፈልገው። የኔን አንድ ጋራዥ ለሥራ ፈታው፤ ብሎን ጠፍቶበት ይሁን ሰንፎ እንጃ፣ ሳይመልሰው ቀረ። ያወቅኩት የቫኩም ቱቦው እጄ ላይ እንደ ብስኩት ሲፈረፈር ነው። ቀጥለህ ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሞተሩ ሰብስቦ ወደ ቱርቦው የሚያደርሰው ብረት) እና ቱርቦው የሚገናኙበት ጋ ጥቁር ጥላሸት ካለ እይ። ካለ በመካከላቸው ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ጭስ ያሾልካል፤ ያ ትኩስ ጭስ ቀጥታ ሽቦህን እየጠበሰው ሊሆን ይችላል።

በቱርቦው ልክ የተሰፋ «ብርድ ልብስ» ይሸጣል፣ እሱ ጥሩ ነው። ማኒፎልዱን መጠቅለሉን ግን እኔ አልወደውም። ሙቀቱ ታፍኖ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጨርቁ ዘይት ከጠጣ ደግሞ እሳት ሊነሳ ይችላል፣ ቀልድ አይደለም። ከቱርቦው በኋላ ያለውን ቧንቧ ብትጠቀልል ይበቃሃል። ሽቦውን ራቅ አድርገህ እሰረው፤ አንጸባራቂ ሽፋንም አልብሰው።

ዳገት ወጥተህ ስትቆም ሞተሩን ወዲያው አታጥፋ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ነዳጅ ሳትረግጥ በሚኒሞ ይሥራ። መዳቡ የታየውን ሽቦ ግን በፕላስተር አትሸፍነው፣ አስቀይረው።