ሮም ላይ ርካሽ አልጋ፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ሮም የመጣው ጥያቄ ስለተጠራቀመ ዛሬ ሌላውን ሁሉ አቆይቼ በሱ ብቻ ልሂድ። ደብዳቤዎቻችሁን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፎ መጨረሻ ላይ "ለመሆኑ ዋይፋይ አለው?" ያለኝ ወንድሜ ይቅርታ ያድርግልኝ (አለው)። ሰዓት ስጠራ በሀበሻ ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት ሙሉውን ከፍዬ ሆቴሉ ስደርስ በአዳር በሰው ስድስት ስድስት ዩሮ ጨምሪ አሉኝ። ተበላሁ አይደል?

መልስ፦ አልተበላሽም። የሮም ማዘጋጃ ቤት የሚሰበስበው የአዳር ግብር ነው፣ ሆቴሉ ተቀብሎ ያስተላልፋል እንጂ የሱ ገንዘብ አይደለም። ባለ አንድ ኮከብ 4 ዩሮ፣ ባለ ሁለት 5፣ ባለ ሦስት 6፣ ባለ አራት 7.50፣ ባለ አምስት 10 ዩሮ፣ ሁሉም በሰው በአዳር፣ እስከ 10 ተከታታይ አዳር ድረስ። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የምታዪው ዋጋ ውስጥ የለም፣ ታች በደቃቅ ፊደል ነው የሚጽፉት። ደረሰኝ መቀበል እንዳትረሺ።

ጥያቄ፦ አራት ሆነን (ልጆቹ 7 እና 12 ዓመታቸው ነው) ለአራት አዳር ሮም እንሄዳለን። ከትልቁ ቀለበት መንገድ ውጪ መዋኛ ያለው ባለ አራት ኮከብ በ60 ዩሮ አገኘሁ፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ደግሞ ባለ ሁለት ኮከብ በ95። ባለቤቴ "እኔ ቤተሰብ ይዤ ፔንሲዮን አልገባም" ብሎ ድርቅ ብሏል። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ አንቺ ነሽ፣ የትኛውን እንደመረጥሽ ባትነግሪኝም።

ባለቤትሽ ነገሩን የሚያየው በአዲስ አበባ ፔንሲዮን ዓይን ስለሆነ አልፈርድበትም። ጣሊያን አገር ግን ኮከብ የሚሰጠው ክፍሉ ምን ያህል ይሰፋል፣ ሪሴፕሽኑ ስንት ሰዓት ክፍት ነው፣ ምን ምን አገልግሎት አለ በሚለው ነው፣ አንሶላው ንጹህ ይሁን አይሁን ኮከቡ አይነግርሽም። እሱን የሚነግርሽ ባለፉት ሁለት ሦስት ወራት እዚያ ያደረ ሰው ነው፣ ስለዚህ አስተያየቶቹን አዲሱ ከላይ እንዲሆን አድርገሽ ደርድሪና ዝቅተኛ ነጥብ የሰጡትን ብቻ አንብቢ። አስሩም ሰው "ክፍሉ ጠባብ ነው" ካለ ያዢው፣ ሮም ውስጥ ጠባብ ያልሆነ ርካሽ ክፍል የለም። "ሽታ አለው"፣ "በሩ አይቆለፍም" ካሉ ግን በፍጥነት እለፊው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ሩቁ ሆቴል በአራት አዳር 140 ዩሮ ይረክሳል። ግብሩን አስቢ፣ የ7 ዓመቱ ልጅ ነጻ ስለሆነ ከፋዩ ሦስት ሰው ነው፣ ባለ አራት ኮከቡ 90 ዩሮ ሲጠይቃችሁ ባለ ሁለት ኮከቡ 60 ይጠይቃችኋል። ትርፉ 110 ሆነ። ከዚያ ትራንስፖርት አለ፣ አንድ ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፣ 100 ደቂቃ ያስኬዳል፣ ትንሹ ልጅ እዚህም ነጻ ነው፣ ለሦስት ሰው ደርሶ መልስ በቀን 9 ዩሮ፣ በአራት ቀን 36። ትርፉ 74 ደረሰ። ሜትሮው ከእሑድ እስከ ሐሙስ ማታ 5 ተኩል ላይ ያቆማል፣ ዓርብና ቅዳሜ ብቻ ነው እስከ ሌሊት 7 ተኩል የሚሄደው፣ እራት በልታችሁ ትሬቪ ፏፏቴን በመብራት ልይ ብላችሁ አንድ ቀን ካመሻችሁ ታክሲ ነው። ከፊውሚቺኖ አየር ማረፊያም ስትመጡ በተወሰነ ታሪፍ የሚያደርሳችሁ ሆቴሉ በጥንቱ የከተማ ግንብ ውስጥ ከሆነ ነው፣ ተርሚኒ ግንቡ ውስጥ ነው፣ ከቀለበት መንገዱ ውጪ ላለው ግን ቆጣሪው ይቆጥራል። 74ቱ ዩሮ የት እንደገባ ታዪዋለሽ።

ይሄ ሁሉ ደግሞ ጊዜውን ሳልቆጥር ነው። የበጋ ሙቀት ውስጥ ከኮሎሲየም የወጣ የ7 ዓመት ልጅ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መተኛት ይፈልጋል። አልጋው ሦስት ፌርማታ ርቀት ላይ ከሆነ ሁለት ሰዓት ተኝቶ ማታ ሌላ ልጅ ሆኖ ይወጣል፣ አውቶብስ ጠብቆ ከዚያ ሜትሮ ቀይሮ የሚደረስበት ከሆነ ግን ወይ አባቱ ትከሻ ላይ ነው ወይ ቀኑ በዚያው አለቀ። መዋኛውንም ለማየት የምትደርሱት ከጨለመ በኋላ ነው።

ግን ተርሚኒ ሥር ተለጥፋችሁ እደሩ ማለቴ አይደለም፣ ጣቢያው ዙሪያ ማታ ሰካራም አለ፣ ቀንም ማታም ኪስ አውላቂ አለ፣ ያን ያህል የሚያስፈራ ባይሆንም ከልጆች ጋር ደስ አይልም። ከሁለት እስከ አራት ፌርማታ ራቅ በሉ፣ ሜትሮ ኤ ላይ ማንዞኒ ወይ ሳን ጆቫኒ፣ ሜትሮ ቢ ላይ ቦሎኛ ወይ ፒራሚዴ፣ ሰው የሚኖርባቸው ሰፈሮች ናቸው፣ ቡናውም ይረክሳል። የቀኑም ነገር አለ፣ ከገና በዓላቸው በኋላ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ዋጋው ይወርዳል፣ በፈረንጅ ፋሲካ ሰሞን ደግሞ ጣራ ይነካል፣ የኛና የነሱ ፋሲካ ብዙ ጊዜ ስለማይገጥም የራሳችሁን ካላንደር ብቻ አይታችሁ ቀን አትቁረጡ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ የምሳፈርበት በረራ ሮም ገና ሲነጋ ያደርሰኛል፣ ሆቴሉ ደግሞ ክፍል የሚሰጠኝ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ የት ልሁን?

መልስ፦ ሻንጣህን ሪሴፕሽን አስቀምጥና ውጣ፣ አብዛኞቹ በነጻ ይይዙልሃል፣ ግን ትንንሾቹ በሌሊት ሰው ላይኖራቸው ስለሚችል ቀድመህ ጻፍላቸው። ለመቸኮል ምክንያት ስለሌለህ ተርሚኒ ድረስ በ32 ደቂቃ የሚያደርሰውን የ14 ዩሮ ባቡር ተወው፣ የ8 ዩሮውን ያዝ፣ እሱ ተርሚኒ ባይገባም ትራስቴቬሬ፣ ኦስትየንሴና ቲቡርቲና ይቆማል።

ጥያቄ፦ ውሃ በሆቴሉ ልግዛ ወይስ ከሱቅ?

መልስ፦ ከሁለቱም አትግዛ። መንገድ ላይ አፍንጫ የመሰለ ቧንቧ ያላቸው ብረት ምንጮች አሉ፣ ሌት ተቀን ይፈሳሉ፣ ንጹህ ነው፣ ጠርሙስህን ሙላ።

ጥያቄ፦ ለቪዛ የሆቴል ማስረጃ ያስፈልጋል ስላሉኝ አንድ ሰው በ1,500 ብር "ቡኪንግ" ሊያወጣልኝ ነው። ሌላው ጓደኛዬ ደግሞ ራስህ ያዝና ቪዛው ሲወጣ ካንስል አድርገው ይለኛል። የቱን ላድርግ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን እንዳታደርገው። ወረቀቱ ላይ ያለው የቡኪንግ ቁጥር ሆቴሉ ጋ የሌለ ሊሆን ይችላል፣ ኤምባሲው ደግሞ ደውሎ ማጣራት ይችላል፣ ሐሰተኛ ማስረጃ አቀረበ ተብሎ መከልከል ገንዘብ ስላነሰህ ከመከልከል በጣም ይከፋል። የሸንገን አገሮች (ጣሊያንን ጨምሮ በአንድ ቪዛ የሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች) በጋራ የሚጠቀሙበት የቪዛ መረጃ ቋት አለ፣ ፋይልህ እዚያ ለአምስት ዓመት ይቀመጣል፣ ነገ ጀርመን ብትሄድ ይታያል። ለአዋቂ 90 ዩሮ የማመልከቻ ክፍያ ከፍለህ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ ገዝተህ በ1,500 ብር ወረቀት ማበላሸት ምን ይባላል?

በነጻ መሰረዝ የሚቻል ክፍል ራስህ በስምህ ብትይዝ ግን ሕጋዊ ነው፣ የምታድርበት እስከሆነ ድረስ። በኋላ የተሻለ አግኝተህ ሆቴል ብትቀይርም አዲሱን ማስረጃ አትመህ ያዝ፣ ድንበር ላይ "የት ነው የምታድረው?" ሊሉህ ይችላሉ። ገንዘብ የማይመለስበትን ክፍል ቪዛ ሳይወጣ አትግዛ፣ በተለይ አንተ አትግዛ፣ ምክንያቱም የአውሮፓ ህብረት በአፕሪል 2024 ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች 15 ቀን የነበረውን የውሳኔ ጊዜ ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ከዚህ በላይ ያለውን እኔን አትጠይቁኝ፣ የምሬን ነው፣ የኮሜንት ሐኪሞችንም አትጠይቁ። የእያንዳንዱ ሰው ፋይል የተለያየ ስለሆነ ኤምባሲውን ወይም ማመልከቻ የሚቀበለውን ማዕከል ጠይቁ፣ መልሳቸውንም በጽሑፍ ያዙ። ከዚህ በፊት የተከለከለ ሰው ካለ ደግሞ ድጋሚ ከማመልከቱ በፊት የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክር።

ጥያቄ፦ እናቴን ይዤ መሄዴ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ጾሙም ላይ ነው የምንውለው። ምን ዓይነት ሆቴል ልያዝላት?

መልስ፦ እግዜር ይባርክህ፣ ደስ የሚል ጥያቄ ነው። "ሊፍት አለው" በሚለው ብቻ እንዳትታለል። ርካሾቹ ሆቴሎች ብዙዎቹ ድሮ የተሠራ ሕንፃ ውስጥ አንድ ፎቅ የያዙ ናቸው፣ ሊፍቱ ከመንገዱ በር ደረጃ ወጥተህ ነው የምታገኘው፣ አንዳንዱ ደግሞ ሁለት ሰው ይይዛል ሻንጣ አይጨምርም። እንዲህ ብለህ ጻፍላቸው፦ "ከመንገዱ በር እስከ አልጋው ስንት ደረጃ አለ?" ቁጥር የሚመልስልህን ያዝ፣ "አይቸገሩም" የሚልህን ተወው። ፎቅ ሲቆጥሩ እንደኛ ግራውንዱን አይጨምሩም፣ ሦስተኛ ማለት ጂ ፕላስ ስሪ ነው። መሐል ከተማው በድንጋይ ንጣፍ የተሞላ ስለሆነ ጫማዋ ወፍራም ሶል ይኑረው።

ለምግቡ፣ ቁርስ የሌለበትን ክፍል ያዝ። እናትህ እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ ቁርሱን አትነካውም፣ ቢቀምሱትም ኮርኔቶ የሚሉት ቅቤ ያለበት ክሩዋሳንና ወተት ነው፣ ለምን ትከፍላለህ? ሲፈሰክ፣ ማለቴ ሰዓቱ ሲደርስ፣ ፒዛ ማሪናራ እዘዝላት፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሪጋኖና ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለበትም። ደረቁ ፓስታ በቲማቲም ይሆናል፣ "ሴንዛ ፎርማጆ" (ያለ አይብ) በል፣ ፌቱቺኔ ላይ ግን እንቁላል አለ። ቺኮሪያ የሚባለውን ቅጠል በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ሲያመጡላት ጎመን አገኘሁ ትላለች። ናፈቀኝ ካለች ተርሚኒ አካባቢ የሀበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም። ነጠላዋን አታስቀራት፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ትከሻና ጉልበት ሳይሸፈን አያስገቡም፣ እሷ ተዘጋጅታ ነው የምትደርሰው፣ ቁምጣ ለብሰህ የምትቆመው አንተ ነህ። የጉልበቷን ነገር ሐኪሟ ይይላት።

ጥያቄ፦ ፍራሹ ላይ ትኋን ቢኖርስ?

መልስ፦ ሻንጣሽን አልጋ ላይ ሳታስቀምጪ የፍራሹን ስፌት በስልክሽ መብራት እዪ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ፎቶ አንሺና ሪሴፕሽን ውረጂ። ተነክሰሽ ከተመለስሽ ልብሱን በ60 ዲግሪ እጠቢው። ካበጠ ፋርማሲ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ብቻዬን የምጓዝ ሴት ነኝ፣ ሆስቴል ውስጥ ከማላውቀው ወንድ ጋር አንድ ክፍል ማደር አልችልም፣ ለሆቴል ደግሞ አቅም የለኝም።

መልስ፦ ብዙ ሆስቴሎች የሴቶች ብቻ ክፍል አላቸው፣ ስትይዢ እሱን ምረጪ፣ ለሎከሩ (ዕቃሽን ለምትቆልፊበት ሳጥን) የራስሽን ቁልፍ ያዢ። እኔ ግን መነኮሳይያት የሚያስተዳድሯቸውን ማረፊያዎች ነው የምመክርሽ፣ ሮም በነሱ የተሞላች ናት። ጠባብ ነጠላ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ መስቀል፣ ወለሉ የሚያብለጨልጭ፣ ዋጋው ከሆቴል ያነሰ። ካቶሊክ መሆን አይጠበቅብሽም። ብዙዎቹ ማታ 5 ሰዓት አካባቢ በር ይዘጋሉ፣ ጭፈራ ካሰብሽ አይሆንሽም።

ጥያቄ፦ በዲሴምበር ክፍሉ ሌሊት በረዶ ሆኖብኝ አደርኩ፣ ማሞቂያውን ሆን ብለው ነው የሚያጠፉት?

መልስ፦ የሕንፃው የጋራ ማሞቂያ ይሆናላ። ሮም ውስጥ የመኖሪያ ሕንፃ ማሞቂያ የሚፈቀደው ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 15 ብቻ ነው፣ ያውም በቀን ቢበዛ 12 ሰዓት። ማታ ሳይተኙ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ "ካርድህ አልሠራም፣ በዚህ ሊንክ ድጋሚ ክፈል አለዚያ ክፍሉ ይሰረዛል" የሚል መልእክት ከሆቴሉ ደረሰኝ።

መልስ፦ አትክፈል። ሆቴሉ ጋ ደውል።

ጥያቄ፦ ተርሚኒ አካባቢ ስናድር ከኛ ታሪክ ጋር የሚያያዝ የሚታይ ነገር አለ?

መልስ፦ ቆማችሁበታላ! ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ "ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ" የተባለው በጃንዋሪ 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት አምስት መቶ ገደማ የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ሐውልታቸው፣ ከግብፅ የመጣ ድንጋይ ነው፣ በእግር ጥቂት ራቅ ብሎ ዲዮቅልጥያኖስ ባሠራው መታጠቢያ አጠገብ ያለች መናፈሻ ውስጥ ቆሟል፣ አዎ፣ ያው ሰማዕታትን ያስጨፈጨፈው ዲዮቅልጥያኖስ። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተወስዶ የቆመበት ቦታ ደግሞ ቺርኮ ማሲሞ የሜትሮ ጣቢያ አጠገብ፣ ከዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ነው፣ ሐውልቱ በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን አገሩ ገባ፣ በ2008 ቆመ። ብዙ ሰው ሄዶ "የታለ?" ይላል፣ እንግዲህ አክሱም ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ሪሴፕሽኑ ፓስፖርቴን ወስዶ አስቀረብኝ፣ መብት አለው?

መልስ፦ የማየትና የመመዝገብ ግዴታ አለበት፣ ያደረውን እንግዳ ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት። ለአንተም ይጠቅምሃል፣ ከሌላ የሸንገን አገር ወደ ጣሊያን የገባ የውጭ ሰው በ8 ቀን ውስጥ መኖሩን ማሳወቅ ይጠበቅበታል፣ ሆቴል ያደረ ሰው ግን ምዝገባው ይበቃዋል፣ ስለዚህ የምዝገባውን ኮፒ ጠይቅ። ኮፒ አድርጎ ወዲያው መመለስ ሲገባው "ነገ ና" ካለህ ግን እዚያው ቁምና ፓስፖርትህን ተቀበል።